በ«ደ» የሚጀምር

«ምክንያት በሚለው ሥር ሃይማኖት ብለህ ጻፍና ገላግለን» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ሲመጣ አባይነሽ እርጥብ ሰጋቱራ በትና ከመድረኩ ሥር ወለሉን እየጠረገች ነበር። ድምፁ የጸሐይወርቅ ነው፤ የኮሌጁ የኪነት ቡድን ጸሐፊ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። አብሯት ያለው ግዛቸው ነው፤ የቡድኑ ሰብሳቢ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ ጀማሪዎችን ውዝዋዜ የሚያለማምደው። ከታች ሰው መኖሩን አላወቁም፤ ወይም የሚጠርግን ሰው ከሰው አልቆጠሩም።

«ሃይማኖት ብዬ ከጻፍኩ ልጅቷ አለቀላት» አለ ግዛቸው። «ገና ዘንድሮ የገባች ናት።»

«ካልጻፍክ አንተ ያልቅልሃል። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ አሥር ሰዓት ላይ ጀማሪዎቹን ሊያይ ይመጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድርሽ ያላለች እሷ ብቻ ናት። ምን ልትለው ነው፤ ጉንፋን ይዟት ነው?»

«እሺ፣ ስሟን ንገሪኝ።»

«ታቢታ ማቴዎስ። የአያት ስም ደበሌ።»

መጥረጊያው በአባይነሽ እጅ ውስጥ ቀጥ አለ። ታቢታ ልጇ ናት፤ አንድ ልጇ። ኮሌጁ ውስጥ ይህን የሚያውቅ እምብዛም የለም። ታቢታ አፍራባት አይደለም፤ አባይነሽ ራሷ «ትምህርትሽን ተማሪ፣ በባልዲና በመጥረጊያ መሀል እየመጣሽ አትንጠልጠዪብኝ» ብላ ስለከለከለቻት ነው። ያ የቀሪዎች ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ግን አሳምራ ታውቃለች። አምና ጌታቸው የሚባል የእንስሳት እርባታ ተማሪ ስሙ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳምንት ሳይሞላው አልጋው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እናቱ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ከገጠር መጥታ ሁለት ቀን በር ላይ ቆመች። የት እንደወሰዱት የነገራት የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ቆጮውን ለአባይነሽ ትታላት ሄደች። አባይነሽ ቆጮውን መብላትም መጣልም አቅቷት፣ ጠረኑ እስኪለወጥ ድረስ ሰፌድ ላይ ስታየው ከረመች።

ሌላም ያሳመማት ነገር ነበር። ጸሐይወርቅ የአባይነሽን አማት ስም እንዲያ ወርውራ ስትጥለው ሰውነቷ ሽምቅቅ አለ። አባይነሽ የሲዳማ ልጅ ናት። ባደገችበት አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ባሊሻ ይሉታል። ብዙዎቹ ሴቶች ይህን የሚጠብቁት በሲዳምኛ ሲናገሩ ብቻ ነው፤ ከተማ ገብተው አማርኛ ሲለምዱ ይተዉታል። አባይነሽ ግን ግትር ናት። ሽማግሌው እንደ ገዛ ልጃቸው አድርገው ያኖሯት ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን ማክበር በቋንቋ አይቀየርም ብላ በአማርኛም ያዘችው። ስለዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ብላ አታውቅም፤ መጻፊያ ነው የምትለው። ደመወዝ «የወሩ ገንዘብ» ነው፣ ደረጃ «መውጫው» ነው። ሰው ስትሰናበት እንኳ ደህና ዋል አትልም፤ ሰላም ዋል ትላለች። ቀበሌ ወይም ሆስፒታል የባልሽ ሙሉ ስም ማነው ስትባል ታቢታን ከጎኗ ታቆማለች። ክልከላው ልጅን አይነካም፤ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከጠረጴዛው ጠርዝ በላይ ብቅ ብላ «ደበሌ» የምትልላት ታቢታ ናት።

ይህን የኮሌጁ ዘበኛ ደምሴም ያውቃል። የእሱም ስም በዚያው ፊደል ይጀምራልና ስድስት ዓመት ሙሉ «ባለ ካፖርቱ» እንጂ በስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ዛሬም ጠዋት በሩ ላይ ጠብቆ «አንዴ ብቻ በስሜ ጥሪኝ፣ አንድ ኪሎ ስኳር እገዛልሻለሁ» ብሏት ነበር። የቀበሌው ስኳር ከጠፋ ወር ሆኖታል። «ስኳርህን ለሚስትህ» ብላው አለፈች።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በጎን በኩል ወደ መድረኩ ወጣች። መጋረጃውን ስትገልጠው ሁለቱም ደነገጡ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ወረቀት እስከ አሥር ሰዓት ባዶውን ይቆይልኝ።»

«እትዬ አባይነሽ፣ ይሄ እርስዎን አይመለከትም።»

«ልጄ ናት።»

ግዛቸው ጸሐይወርቅን አየ። ጸሐይወርቅ ጫማዋን አየች። ቆይቶ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትምጣና ሰልፉ ውስጥ ትቁም» አለ። «ትንሽ ከተነቃነቀችና አዝማቹን አብራ ካለች የቀረውን እኔ እሸፍነዋለሁ። ካልሆነ እጽፋለሁ፤ እኔም እናት አለችኝ።» አባይነሽ ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ክፋት ፈልጋ አጣች፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ጫማህን ጥረግ፣ አሁን የጠረግኩት ነው» ብላው ወረደች።

ቅዳሜ ስለሆነ ታቢታ ለምሳ ቤት ነበረች። ቤታቸው ከከተማው በምሥራቅ በኩል ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ በአበባማ መጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ከመጋረጃው ወዲህ የማቴዎስ የልብስ ስፌት መኪና በመስኮቱ ሥር ቆሟል። ግድግዳው ላይ ቀድሞ ጥቅስ የተሰቀለበት ቦታ ቀለሙ ነጣ ብሎ አራት ማዕዘን ሠርቷል፤ ማንም አልቀባውም። ማቴዎስ የጸሎት ቤታቸው አገልጋይ ነበር። ጸሎት ቤቱ ታሽጎ የቀበሌው መጋዘን ከሆነ ወዲህ የሚሰፋው ሱሪና የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉም ግራ እጁን አንሥቶ «አብዮት ከሁሉም በላይ» ሲል እሱ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ለዚህ ዝምታ አሥራ አራት ወር ታሰረ። አባይነሽ ራሷ ከጸሎት ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ በሩን እያየች የምትቀመጥ ዓይነት አማኝ ነበረች። ፋሮ የሚባለውን የአገሯን ጭፈራ መጨፈሯንም የተወችው ለማቴዎስ ብላ ነው፤ ይህን አምላክም ያውቀዋል ብላ ታስባለች።

ጎመን በቂጣ ቀረበና ሦስቱም በሉ። ማቴዎስ «ከሰሉ ስንት ገባ?» አለ።

«አምስት ብር።»

«ባለፈው አራት አልነበረም?»

«ነበር።»

ውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ስለ አሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት ያወራል። አባይነሽ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው። ታቢታ ጉርሻዋን አስቀመጠች። መልኳ የአባቷ ነው፤ ስትጨነቅ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ይወጣል ይወርዳል።

«መቆም እቆማለሁ፣ አማ» አለች። «መቆም ኃጢአት አይደለም። አዝማቹን ግን አልልም።»

አባይነሽ አዝማቹን ሦስት ሳምንት ስትጠርግ ስለሰማችው በልቧ ታውቀዋለች። «ደስ ይበለን፣ ደስ ይበለን፤ ደርግ ነው ከሁሉ በላይ» ነው የሚለው። በእሷ ቤት ይህች አንዲት መስመር ከሁለት በኩል የተቆለፈች ናት። የፊተኛው ግማሽ ለእናቲቱ አይሆንም፣ በዚያ ፊደል የተሞላ ነውና፤ የኋለኛው ግማሽ ለልጅቷ አይሆንም፣ ከሁሉ በላይ የምትለው ሌላ አላትና።

ታቢታ መጽሐፏን ይዛ ከመጋረጃው ወዲያ ስትሄድ አባይነሽ ወደ ባሏ ዞረች። ማቴዎስ እግሩን የመኪናው ፔዳል ላይ አድርጎ ሳይረግጠው ተቀምጧል።

«የታቢታ አባት፣ አንድ ነገር በላት።»

«ዝፈኚ ልበላት?»

«አላልኩም።»

«አትዝፈኚ ልበላት?»

«እሱንም አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ አባይነሽ?»

«አንተ ዝም ብለህ ገባህ፣ ዝም ብለህ ወጣህ። አሥራ አራት ወር ምሳ ዕቃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ፈታሹ ቂጣውን በሽቦ ሲወጋው ያየሁት እኔ ነኝ። ያንተን ቻልኩት። የእሷን አልችልም።» ማቴዎስ ፔዳሉን ረገጠና መርፌው የማንንም ሱሪ ሳይሆን ባዶ ጨርቅ መውጋት ጀመረ። አባይነሽ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ትንሽ ቆይታ ታቢታም ከኋላዋ መጣች።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ጀማሪዎች በሦስት ረድፍ ቆመዋል፤ ሁሉም ነጭ ሸራ ጫማ አድርገዋል። ግዛቸው በጭብጨባ ይቆጥራል፣ አንድ ልጅ ከበሮ ይመታል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሽፈራው የሚባለው ግዙፍ ልጅ ነው፤ ሁሉም ወደ ግራ ሲሄድ እሱ ወደ ቀኝ ሄዶ ከሰው ይጋጫል።

«ሽፈራው፣ ግራህ የቱ ነው?»

«የማልጽፍበት።»

«በየትኛው ነው የምትጽፈው?»

«በግራዬ።»

ሳቁ እስኪበርድ ግዛቸው ወገቡን ይዞ ጠበቀ። የሚያለማምዳቸው «የሲዳማ ጭፈራ» ነው፤ እሱ ራሱ አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ያየው። ትከሻ ያስመታቸዋል፣ ደረት ያስነፋቸዋል። አባይነሽ ሦስት ሳምንት በዚህ ስትናደድ ከርማለች። ታቢታ በሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ያደረገችው የዕለት ጫማዋን ነው። ከሁለት በኩል ያሉት ልጆች እንደ ተስቦ በሽተኛ ሸሸት ብለዋታል።

አሥር ሰዓት ላይ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ገባ። ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ ሙልት ያለ ሰው ነው፤ የክፍለ ሀገሩ ካድሬ ነው ይላሉ። መሀል ላይ ወንበር ተደረገለት፤ እግሩን አነባብሮ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተመለከተ። ጀማሪዎቹ አንድ ዙር ጨፈሩ። ሁለተኛው ላይ አዝማቹ መጣ፤ ሁሉም ጮኸ። ካድሬው እስክሪብቶውን አነሣ።

«በሦስተኛው ረድፍ ያለችው፣ አፏን የማትከፍተው፤ አሟታል?»

የግዛቸው እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። የወረቀቱ ጫፍ ብቅ አለ። አባይነሽ ከበሩ አጠገብ ባልዲዋን አስቀመጠችና ማንም ሳይጠራት ወደ መሀል መጣች።

«ጓድ፣ ይሄ የሲዳማ አይደለም።»

ከበሮው ቆመ። ካድሬው ዞር ብሎ ከነጠላዋ እስከ ጎማ ጫማዋ አያት። «ማን ነዎት፣ እናት?»

«የምጠርገው ነኝ። ትከሻው የሌላ አገር ነው። ይህን በበዓሉ ቀን ለሕዝብ ብታሳዩት የአገሩ ሰው ይሥቅባችኋል። ትልልቅ ሰዎች በተቀመጡበት።»

ካድሬው እግሩን ከተነባበረበት አወረደ። ከላይ በሚመጡ ሰዎች ፊት መሣቂያ መሆን እሱን የሚያስፈራው ነገር ነው። «ትክክለኛውን እርስዎ ያውቁታል?»

«በልጅነቴ በበዓል ሜዳችን፣ ጉዱማሌ ላይ፣ እኔን የሚቀድም አልነበረም።»

«ያሳዩና።»

«አማርኛ አልችልም» አለች አባይነሽ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «አስተርጓሚ ያስፈልገኛል። ያቺ በጫፍ የቆመችው ሲዳምኛ ታውቃለች፤ አጠገቤ ትሁን።»

ግዛቸው አስነጠሰ ወይም ሣቀ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ልጆች በጭቃ ጫማው የተነሣ በዚህች ሴት አማርኛ ያልተሰደበ አንድም አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ ማንም አላጋለጣትም። ካድሬው ወደ ታቢታ በእስክሪብቶው ምልክት ሰጠ፤ ልጅቷ መጥታ እናቷ ጎን ቆመች።

አባይነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ጎማ ጫማዋን አወለቀች። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ እግሯ እምቢ ይለኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ እግሯ ግን ከእሷ ይልቅ ያስታውሳል። ትከሻዋ ዝም አለ፣ አንገቷ ረዘመ፣ ተረከዟ ወለሉን መታ፤ ድምፁ ከሳንቃው ሥር ተመልሶ ወጣ። ከበሮ መቺው ሳይታዘዝ ተከተላት። እየጨፈረች በሲዳምኛ «ልጄ፣ አትፍሪ፤ እግር እግሬን እያየሽ ተናገሪ» አለቻት። ታቢታ ውሸት አትወድም። ትንሽ አሰበችና «አትፍሩ ትላለች፤ እግሯን እዩ» ብላ ለሠላሳዎቹ ነገረቻቸው። ሁለት ረድፍ ሠርተው ፊት ለፊት ቆሙ። ሲረግጡ አዳራሹ አንድ ሰው የረገጠው ያህል አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ሽፈራው እንኳ ገባው፤ ፋሮ ግራም ቀኝም ስለማይጠይቅ ይሆናል። ካድሬው በጣቱ ጉልበቱን ይመታ ጀመር።

«በጣም ጥሩ። አሁን ከነአዝማቹ። እናት፣ እርስዎ ያውጡት፣ እነሱ ይቀበላሉ።»

ይህን አላሰበችበትም። ልጇን ከወረቀቱ ለማውጣት ስትጣደፍ የራሷን አፍ ረስታው ነበር። ከበሮው መጣ፤ የመግቢያው ቦታ ደረሰ፤ አፏ ተዘጋ። እግሯ ሁለት ጊዜ ረግጦ ቆመ። ከበሮው እንደገና ተመታ፤ እግሯ እንደገና ቆመ።

«ግጥሙን አታውቂውም?» አለ ካድሬው። እርስዎ ማለቱን ትቶታል።

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ በይው።»

«አይሆንልኝም።»

«ደርግ ማለት ነው የማይሆንልሽ?»

ከበሮ መቺው እጁን ከቆዳው ላይ አነሣ። ጸሐይወርቅ ግድግዳው ላይ ያለውን መፈክር ማንበብ ጀመረች። ያን ጊዜ ታቢታ ተናገረች። «የአያቴ ስም ደበሌ ነው» አለች። «የአማቷ ማለት ነው። በእኛ ባህል ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃልም አትናገርም። እናቴ ደርግ ብቻ አይደለም፣ ደብተርም ደስታም አትልም። ባሊሻ ይባላል።» እናቴ ስትል ካድሬው ሁለቱን አፈራርቆ አያቸው። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ሰውዬው ሞኝ አልነበረም።

«የብሔረሰብ ባህል ነው፤ እናከብራለን» አለ። «ግን እንዲህ ያለች ሴት ስሙን መጥራት የግድ ሲሆንባት ማን ይልላታል?»

ታቢታ መዋሸት ብትችል ኖሮ እዚህ ላይ ትዋሽ ነበር። «እኔ» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ይኸው አለቀ። እናት ትጨፍራለች፣ ልጅ ትልላታለች። ምታ።»

ከበሮው ተመታ። የግዛቸው ወረቀት ከኪሱ ግማሽ ድረስ ወጥቷል። አባይነሽ ዞራ ልጇን አየች። የታቢታ ጉሮሮ ላይ ያ ነገር ይወጣል ይወርዳል፤ ከንፈሯ ተከፍቷል። ልክ ይህንኑ ጉሮሮ በቀበሌው ሜዳ ላይ አይታዋለች፣ ማቴዎስን ሊወስዱት ሲሉ። የዚያን ቀን ከሴቶቹ መሀል ቆማ ምንም አላደረገችም። አሁን የመግቢያው ቦታ ሲደርስ እግሯን አነሣች፣ ወለሉን መታችና አፏን ከፈተች።

«ደስ ይበለን፣ ደስ ይበለን፤ ደርግ ነው ከሁሉ በላይ።»

ድምፁ የሌላ ሴት መሰላት። ሠላሳዎቹ ተቀብለው ጮኹ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ጩኸቱ ተመልሶ ራሳቸው ላይ ወረደ። ምንም የተሰበረ ነገር አልነበረም። መስኮቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ባልዲዋ በሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው። ሦስት ጊዜ አወጣችው፣ ሦስት ጊዜ ተቀበሏት። ታቢታ ብቻ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር።

ካድሬው ሲነሣ እየሳቀ «ይኸው ቻልሽ እኮ» አላት። በሩ ጋ ሲደርስ የስም ዝርዝሩን ጠየቀ። ግዛቸው ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ምክንያት ከሚለው ሥር ባዶ በቆየው ቦታ ላይ «አስተርጓሚ» ብሎ ጻፈና ሰጠው። ካድሬው ወጥቶ ሲሄድ ግዛቸው ወደ አባይነሽ መጥቶ ጎማ ጫማዋን አንሥቶ እግሯ አጠገብ አስቀመጠላት። ሽፈራው ከወዲያ ማዶ ለጓደኞቹ «ዛሬ ማንንም አልረገጥኩም» ይላል።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ እናትና ልጅ አብረው ወጡ። አባይነሽ ባልዲውን ይዛለች፤ የቤቷ ነው፣ በየቀኑ ይዛው ትመለሳለች። ወደ ኮሌጁ በር በሚወስደው መንገድ አጋማሽ ላይ ታቢታ ቆመች።

«ልለው ነበር፣ አማ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የቀደምኩሽ።»

«አያቴ ቢሰሙ...»

«ተይ አሁን።»

በሩ ላይ ደምሴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ እንደ ልማዱ ጠበቃቸው። የአዳራሹ ወሬ ገና አልደረሰውም። «እመቤቲቱ መጣች» አለ። «ዛሬስ ስሜ አይጠራም? ስኳሩ እንዳለ ነው፤ ወይስ እስክሞት ባለ ካፖርቱ ነኝ?» ታቢታ እንደ ልጅነቷ ስለ እናቷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። አባይነሽ በክርኗ ገፋ አደረገቻትና ዘበኛው ፊት ቆመች። ፊቱን ትኩር ብላ አየችው።

«ደህና እደር፣ ደምሴ» አለችው።

ስድስት ዓመት የጠበቃት ቀልድ ነበረች። ሊስቅ ጀምሮ አልወጣለትም። አባይነሽ አልፋው ሄደች፣ ባልዲው ከጭኗ ጋር እየተጋጨ። ደምሴ ቆቡን አወለቀ፤ ወደ ታቢታ ጠጋ ብሎ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ «ማን ሞተባችሁ?» አላት።

ታቢታ ሮጣ ደርሳ ባልዲውን ከእናቷ እጅ ተቀበለች።